የከዋክብት የትውልድ መዝገብ

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት ሕይወታቸው ካለፈ ከአራት ወር በኋላ፥ በዚያው ዓመት ነሐሴ 13 ቀን፥ የደብረ ታቦር በዓል በሚከበርበት ማለዳ፥ ፀሐይ በሙሉ ግርዶሽ ተሸፈነች። የጨረቃ ጥላ በፀሐይ መውጫ ሰዓት በኢትዮጵያ ምድር ላይ አልፎ፥ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ዓደን ደረሰ፤ ከዚያም ህንድን አቋርጦ እስከ ሲያም አገር ሄደ። አገሩ በዚያ ወራት የንጉሡን ሞት ተከትሎ በመጣው የሥልጣን ክርክር ተይዞ ነበረ። ያ ጥላ ግን የሰማይን ምርመራ ወደ አዲስ መንገድ የሚመራ ነገር ይዞ ያልፍ ነበር።

ይኸውም እንዲህ ነው። በህንድ አገር ጉንቱር በተባለው ከተማ መሣሪያውን ተክሎ ይጠብቅ የነበረ ፒየር ጃንሰን የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ፥ ከተሸፈነችው ፀሐይ ዳር የሚወጣውን የነበልባል ብርሃን ከፋፍሎ በተመለከተ ጊዜ፥ ብርሃኑ በደማቅ መሥመሮች ተለይቶ ታየው። ከሁለት ወር በኋላም እንግሊዛዊው ኖርማን ሎክየር ያንኑ ነበልባል ያለ ግርዶሽ መርምሮ፥ ከመሥመሮቹ መካከል ብጫው በምድር ላይ ከሚታወቅ ከማናቸውም ነገር ጋራ እንደማይስማማ አስታወቀ። ለዚህም ነገር በጽርእ ቋንቋ ፀሐይ ማለት ከሆነው ቃል ስም ወጣለትና ሂሊየም ተባለ። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ራምዜ ይህንኑ ንጥረ ነገር ከምድር ማዕድን ውስጥ ያገኘው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1895 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠራው ዘመንም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። ስለዚህ ሂሊየም በምድር ከመታወቁ 27 ዓመት አስቀድሞ በሰማይ ታወቀ።

የዚህን ነገር ታላቅነት ለመረዳት የቀደመውን ትምህርት ማስታወስ ይገባል። መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይና ጨረቃ የሚወጡባቸውንና የሚገቡባቸውን ኆኅቶች ይቈጥራል፤ ባሕረ ሐሳብም አበቅቴንና መጥቅዕን አስልቶ አጽዋማትንና በዓላትን ይወስናል። በባቢሎንም በግብጽም በጽርእም የነበሩ ጠቢባን እንዲሁ የብርሃናትን መንገድና ጊዜ መረመሩ። የሁሉም ጥያቄ «ወዴት ይሄዳሉ? መቼስ ይመለሳሉ?» የሚል ነበር። «ከምን ተሠሩ?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የሚሰጥበት መንገድ አልነበረም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮንት በ1835 የከዋክብትን ቅርጽና ርቀት ማወቅ ቢቻልም የተሠሩበትን ነገር ግን ሰው ከቶ ሊያውቀው እንደማይችል ጻፈ።

ይህ ቃል የቈየው 24 ዓመት ብቻ ነው። ዮሴፍ ፍራውንሆፈር የተባለ የባቫርያ መስታወት ሠሪ የፀሐይን ብርሃን ባለ ሦስት ማዕዘን በሆነ መስታወት በትኖ፥ በቀለማቱ መካከል ከ500 በላይ ጥቋቍር መሥመሮች መኖራቸውን በ1814 ተመልክቶ ነበር። በ1859 በሃይደልበርግ ከተማ ኪርክሆፍና ቡንሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ትርጕማቸውን አገኙ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲግል የራሱን መሥመሮች ያወጣል፤ ከጋለ አካል የሚመጣ ብርሃን በርሱ ትነት ውስጥ ሲያልፍም በእነዚያው ስፍራዎች ብርሃኑን ይውጣል። ስለዚህ መሥመር ማለት የንጥረ ነገር ማኅተም ነው። ማኅተሙን የሚያውቅ ሰው ደብዳቤው ከማን እንደ መጣ ላኪውን ሳያይ ያውቃል።

ዳሩ ግን አንድ ነገር መኖሩን ማወቅ ሌላ፥ ምን ያህል እንዳለ ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የብረት መሥመሮች በሺህ ይቈጠራሉ፤ የሃይድሮጂን መሥመሮች ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ፀሐይ ከምድር ጋራ በሚመሳሰል ነገር የተሞላች፥ ነገር ግን እጅግ የጋለች አካል ናት ተብሎ በሰፊው ታመነ። ይህ በቅኔ ቤት አነጋገር ሰሙን ይዞ ወርቁን መሳት ነው። በ1920 ህንዳዊው ሊቅ መግናድ ሳሃ የመሥመር መድመቅና መፍዘዝ የነገሩን ብዛት ብቻ ሳይሆን የሙቀቱን መጠን ጭምር እንደሚናገር በስሌት አሳየ። በአንድ ሙቀት ጮኾ የሚናገር ንጥረ ነገር በሌላው ሙቀት ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱም የለም ማለት አይደለም።

ይህንን ስሌት ይዛ የከዋክብትን መሥመር የመረመረችው ሴሲሊያ ፔይን የተባለች፥ ከእንግሊዝ አገር ወደ አሜሪካ ሄዳ በሃርቫርድ የምትማር የ25 ዓመት ወጣት ናት። በ1925 ባቀረበችው የማዕርግ ጽሑፍ ውስጥ ሃይድሮጂን በከዋክብት ላይ ከሌላው ሁሉ ይልቅ እጅግ የበዛ ሆኖ አገኘችው፤ ሂሊየምም ሁለተኛ ሆነ። የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ጽሑፏን አይቶ ይህ ከቶ ሊሆን አይችልም አላት። እርሷም ውጤቱ እውነተኛ እንደማይመስል የሚገልጽ ቃል በጽሑፏ ጨመረች፤ ቍጥሩን ግን አልፋቀችውም። ራስል ራሱ በ1929 በሌላ መንገድ ሄዶ ከዚያው ውጤት ደረሰና የእርሷን ሥራ ጠቀሰ። ዛሬ እንደሚታወቀው ከፀሐይ ክብደት ከመቶው 73 ያህሉ ሃይድሮጂን፥ 25 ያህሉ ሂሊየም ነው፤ ብረትም ኦክስጅንም ካርቦንም ሌላውም ሁሉ ተደምሮ ከመቶው ሁለት አይሞላም። ትልቅ ስም ያለው ሰው የማይሆን ነው ቢልም፥ ቍጥሩ በመጽሐፍ ስለ ቀረ እውነቱ የሚመለስበት ስፍራ አገኘ።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ያ ከመቶው ሁለት የማይሞላው ጥቂት ነገር ከወዴት መጣ የሚል ነው። በ1952 ፖል ሜሪል የተባለ አሜሪካዊ በአንዳንድ ቀያይ ከዋክብት ላይ የቴክኒሺየምን መሥመር አገኘ። ቴክኒሺየም የማይጸና ንጥረ ነገር ነው፤ ከዓይነቶቹ ረዥም ዕድሜ ያለው እንኳ በየ4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እኩሌታው ይጠፋል። ከዋክብቱ ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ዕድሜ አላቸው። እንግዲህ በላያቸው የታየው ሲወለዱ የወረሱት ሊሆን አይችልም፤ ራሳቸው ያበሰሉት ነው እንጂ። በ1957 ማርጋሬትና ጄፍሪ በርቢጅ፥ ዊልያም ፋውለርና ፍሬድ ሆይል ባንድነት በጻፉት ታላቅ ጽሑፍ የንጥረ ነገሮችን አፈጣጠር በየከዋክብቱ ምድጃ ከፋፍለው አስረዱ። ዓለም በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የተገኙት ሃይድሮጂንና ሂሊየም፥ ከጥቂት ሊቲየም ጋራ፥ ናቸው። የቀሩት አብዛኞቹ በከዋክብት ሕይወትና ሞት የተሠሩ ናቸው። አንዱ ኮከብ ሲሞት የበተነውን አመድ ቀጥሎ የሚወለደው ይወርሰዋል፤ ስለዚህ ከዋክብት ትውልድ አላቸው፥ ትውልዳቸውም በአካላቸው ተጽፎአል።

ይህን መዝገብ ለማንበብ የአንዱን ንጥረ ነገር ብዛት ለብቻው ማወቅ አይበቃም፤ ከሌላው ጋራ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ይህም ምጥጥን ይባላል። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ከፀሐይ ስምንት እጅና ከዚያ በላይ የሚከብዱ ከዋክብት ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ በጥቂት ሚሊዮን ወይም በጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ፈንድተው ይሞታሉ፥ ሲሞቱም ብዙ ኦክስጅንና ማግኒዚየም ይበትናሉ። ብረት ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከሌላ ዓይነት ፍንዳታ ነው፤ ይኸውም ነጭ ድንክ የሚባለው የከሰመ ኮከብ ከጓደኛው ጋራ ሲኖር ቈይቶ በመጨረሻ የሚፈነዳው ፍንዳታ ነው። ይህኛው ብዙ ጊዜ መቶ ሚሊዮኖች፥ አንዳንድ ጊዜም ቢሊዮኖች ዓመታት ይፈጃል።

ለአንድ ጎተራ ሁለት ባላገሮች ግብር ያገባሉ እንበል፤ አንዱ ጤፉን በመኸር ወራት ወዲያው ያገባል፥ ሁለተኛው ገብሱን ከዓመታት በኋላ ያመጣል። ጎተራውን የከፈተ ሰው ጤፉ በዝቶ ገብሱ አንሶ ቢያገኝ፥ ጎተራው ሁለተኛው ባላገር ሳይደርስ በቶሎ ተሞልቶ የተዘጋ መሆኑን ያውቃል። ገብሱ በዝቶ ቢያገኝ ደግሞ ጎተራው ቀስ እያለ ለብዙ ዘመን የተሞላ መሆኑን ይረዳል። ማግኒዚየምና ኦክስጅን ጤፉ ናቸው፤ ብረት ገብሱ ነው። በኒውዚላንድ ያደገችው ቢያትሪስ ቲንስሊ በ1979 ይህንን የጊዜ መለኪያ በግልጽ አስረዳች። እንደተባለውም በፍኖተ ሐሊብ ዳርቻ ባሉ አሮጌ ከዋክብት ላይ ማግኒዚየም ከብረት ጋራ ሲነጻጸር ከፀሐይ ሁለት እጅና ከዚያ በላይ ሆኖ ይገኛል። ታላላቆቹና ክብ መሳዮቹ ጋላክሲዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ከዋክብታቸውን በአጭር ጊዜ ወልደው አቁመዋልና። በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያ ያሉት ታናናሽ ጋላክሲዎች ግን ብረታቸው ገና ጥቂት ሳለ ምጥጥናቸው ዝቅ ይላል፤ አወላለዳቸው ዝግ ያለ ነበረና።

ከዚህ የተነሣ እንግዳ የሆነ ኮከብ ከአገሬው ተለይቶ ሊታወቅ ቻለ። ጴጥሮስ በግቢው ውስጥ በአነጋገሩ ገሊላዊ መሆኑ እንደ ታወቀበት፥ ከሌላ ጋላክሲ መጥቶ በፍኖተ ሐሊብ የገባ ኮከብም በምጥጥኑ ይታወቃል። በ2018 ጋያ የተባለው የኤውሮፓ የሰማይ መርከብ የከዋክብትን መንገድ ለክቶ ባስገኘው መዝገብና በማግኒዚየምና በብረት ምጥጥን ምስክርነት፥ ፍኖተ ሐሊብ ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ ሌላ ጋላክሲ እንደ ዋጠች ታወቀ።

ከእንዲህ ዓይነቱ እንግዳ አንዱ በአዲስ አበባ ሰማይም ላይ ያልፋል። ግንቦት 1 ቀን፥ የልደታ በዓል በሚከበርበት ማታ፥ በልደታ ሰፈር ደጅ ወጥቶ የቆመ ሰው ከሌሊቱ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ፊቱን ወደ ደቡብ ቢያዞር፥ በመስቀል ቅርጽ ከቆሙት አራት ከዋክብት በስተግራ ከፍ ብሎ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው ይገኛል። የከተማው መብራት ባይሸፍነው ኖሮ እንደ ደብዛዛ ኮከብ በዐይን ይታይ ነበር። በጥንት ጊዜ በጥሊሞስ እንደ አንድ ኮከብ ቈጠረው፤ በ1677 እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌ እንደ ደመና ያለ ነገር መሆኑን አስተዋለ። በእውነቱ 10 ሚሊዮን ያህል ከዋክብት የተከማቹበት ጉባኤ ነው፤ ርቀቱም ብርሃን 17,000 ዓመት ገደማ የሚጓዘው ነው። እንደዚህ ያሉ ጉባኤዎች ብዙውን ጊዜ ከዋክብታቸው በብረት መጠን ይመሳሰላሉ። በዚህ ውስጥ ግን በብረት ከባልንጀራቸው ከአሥር እጅ በላይ የሚበልጡ አሉ። ስለዚህ ብዙዎች ሊቃውንት ይህ የአንድ ጊዜ ልደት ሳይሆን የብዙ ትውልድ ቤት፥ ምናልባትም ተውጦ የቀረ የአንድ ጋላክሲ ልብ ነው ብለው ተረጐሙት።

እስከዚህ የተነገረውን ሰምቶ ምጥጥን ሁሉን ይገልጣል ብሎ የሚቸኵል አንባቢ ቢኖር መጠንቀቅ ይገባዋል። በልደታ ፍርድ ቤት የቆመ ምስክር ቃሉን ከሰጠ በኋላ መስቀለኛ ጥያቄ እንደሚጠየቅ፥ ምጥጥንም እንዲሁ ሊጠየቅ ያስፈልገዋል። ምጥጥን የሁለት ነገሮች ንጽጽር ነውና፥ ከፍ ያለ እንደ ሆነ የላይኛው በዝቶ ነውን? ወይስ የታችኛው አንሶ? ይህን ሳይለይ የሚፈርድ ሰው ፔይንን እንደ ከለከለው ታላቅ ሊቅ በሰም ይያዛል።

የናይትሮጅንና የኦክስጅን ምጥጥን ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። በአንድ ጋላክሲ ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋራ ሲነጻጸር በዝቶ ቢገኝ፥ ትርጓሜው ብዙ ነው። ጋላክሲው አርጅቶ መካከለኛ ክብደት ያላቸው ከዋክብት ዘግይተው የሚሰጡትን ናይትሮጅን ተቀብሎ ነው። አንድም፥ የፍንዳታው ኀይል ኦክስጅኑን ከጋላክሲው አውጥቶ በትኖት ነው። አንድም፥ ግዙፋን ከዋክብት ገና ሳይሞቱ ከላያቸው በሚወጣው ነፋስ ናይትሮጅን አፍስሰው ነው። ከውጭ የመጣ ንጹሕ ሃይድሮጂን ቢጨመርበት ደግሞ ኦክስጅን ከሃይድሮጂን ጋራ ያለው ምጥጥን ይቀንሳል፥ የናይትሮጅንና የኦክስጅን ምጥጥን ግን አይለወጥም። ስለዚህ አንዱን ምጥጥን ያነበበ ሰው ጋላክሲው ወጣት ነው ሲል፥ ሁለተኛውን ያነበበ አሮጌ ነው ሊል ይችላል፤ ሁለቱንም አጋጥሞ ያነበበ ብቻ በአሮጌ ወይን ላይ ውሃ መጨመሩን ይረዳል።

ይህ የአንድምታ ክርክር ዛሬም አለ። በ2023 ጄምስ ዌብ በተባለው ቴሌስኮፕ ከታዩት ጋላክሲዎች መካከል ብርሃኑ ዓለም ከጀመረ 430 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን የወጣ አንድ ጋላክሲ አለ። በዚያ የሕፃንነት ዘመን ናይትሮጅኑ ከኦክስጅኑ ጋራ ሲነጻጸር ከፀሐይ እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። መካከለኞቹ ከዋክብት ይህን ያህል ለመስጠት ዘመን አልበቃቸውም። አንዳንዱ ሊቅ ከግዙፋን ከዋክብት ነፋስ ነው አለ፤ ሌላው ከፀሐይ ሺህ እጅና ከዚያ በላይ የሚከብዱ ከዋክብት ነበሩ አለ፤ ሌላውም የከዋክብት ጉባኤዎች ሲወለዱ የታየ ምልክት ነው አለ። ፍርዱ ገና አልተዘጋም፤ አለመዘጋቱም የሚያሳፍር አይደለም።

እንዲያውም መለኪያው ድንጋይ ራሱ ተለውጦ ያውቃል። የከዋክብት ምጥጥን ሁሉ የሚነጻጸረው ከፀሐይ ጋራ ነው። ነገር ግን በ1989 ለፀሐይ ኦክስጅን ተሰጥቶ የነበረው መጠን፥ የፀሐይን ገጽ ፍላትና መናወጥ በሚገባ የሚያስብ ስሌት በተሠራ ጊዜ፥ በ2009 ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ቀንሶ ተገኘ። አዲሱም ቍጥር የፀሐይን ውስጣዊ መንቀጥቀጥ ከሚለኩት ሰዎች ምስክርነት ጋራ በቀላሉ አልተስማማም። ሚዛኑን ሳይመረምር እህሉን የሚሰፍር ነጋዴ ገዢውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ያታልላል።

ኢትዮጵያም ከዚህ ንባብ ውጭ አልቀረችም። ከልደታ ወደ ሰሜን ሲመለከቱ በሚታየው በእንጦጦ ተራራ ላይ፥ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ፥ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው በ2004 ነው፤ የመንግሥቱ የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2016 ተቋቋመ። ከዚህ ተቋም ሊቃውንትና ተማሪዎች ሌሎች አገሮች ካሉ ባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው፥ በዝዊኪ መዝገብ የተጻፈ፥ ብርሃኑ ወደ ምድር ለመድረስ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ የተጓዘ አንድ የጋላክሲዎች ጉባኤ መርምረዋል፤ ጽሑፋቸውም በ2019 እና በ2021 ታትሟል። ብርሃኑን የሰበሰበው በካናሪያ ደሴቶች ያለው፥ የመስታወቱ ስፋት 10.4 ሜትር የሆነው ታላቅ ቴሌስኮፕ ነው። እነርሱም የናይትሮጅንን መሥመር ከሃይድሮጂን፥ የኦክስጅንንም መሥመር ከሃይድሮጂን ጋራ አነጻጽረው፥ ጋላክሲው የሚያበራው በሚወለዱ ከዋክብት ነው ወይስ በመካከሉ ባለው ጥቍር ጉድጓድ የሚለውን ለዩ። ያው የናይትሮጅን መሥመር ባንድ ስፍራ የትውልድ ምስክር፥ በሌላ ስፍራ የጥቍር ጉድጓድ ምልክት ነውና፥ አስቀድሞ ይህን ያልለየ ሰው የንጥረ ነገሩን መጠን ሊናገር አይችልም።

በሰው ደም ውስጥ ያለው ብረት፥ በአጥንቱ ያለው ካልሲየም፥ የሚተነፍሰው ኦክስጅን፥ እያንዳንዱ ከየራሱ የኮከብ ሞት የመጣ፥ በየራሱ ዘመን የደረሰ ነው። ስለዚህ የከዋክብትን ምጥጥን መመርመር የሩቅ ነገር መመርመር ብቻ አይደለም፤ የሰው ሥጋ የተሠራበትን አፈር የትውልድ ሐረግ መቍጠር ነው። ይህንን ለመማር የሚነሣ ወጣት ቴሌስኮፕና ስሌት ያስፈልገዋል። ከዚህም ጋራ ከጉባኤ ቤት የቈየው ልማድ ይጠቅመዋል፤ ይኸውም ንባቡን ሳይለውጡ መጠበቅ፥ የሚቻለውን ትርጓሜ ሁሉ በአንድም መዘርዘር፥ ሌላ ምስክር እስኪመጣም ድረስ ለመፍረድ አለመቸኰል ነው። የማያምንበትን ቍጥር እንኳ ሳይፍቅ ያቈየ ሰው፥ ከርሱ በኋላ ለሚመጣው አንባቢ እውነቱን አቈየለት።